የጸዳ ዘፈን

ልጄ ያን ጥቁር ሣጥን ሲወለውል ባየሁ ቁጥር ያንገሸግሸኛል። የወለዳቸውን ልጆች እንኳ እንዲያ ተጠንቅቆ አጥቦ አያውቅም።

እኔ አንድ ቤት አልቀመጥም። ጊንጪ አንዷ ልጄ ጋ፣ ጎጆ ከተማ ሌላዋ ጋ እያልኩ ስዞር ነው የምከርመው። የዚያን ዓመት አምቦ እሱ ቤት ስገባ ግን፣ ግድግዳውን ሞልቶት የነበረው የካሴትና የሸክላ መደርደሪያ ባዶውን ቆሟል።

«እማዬ፣ ሁሉም እዚህ ውስጥ ገብቷል» አለኝ ሣጥኑን እየዳበሰ። «ሰርቨር ይባላል። ካሴት ላይ ያልሰማሽው ሁሉ ይሰማሻል።»

እኔ የምፈልገው የአንድ ካሴት ዘፈን ነበር፤ የትልቋ ልጃችን ሠርግ የተቀዳበት። ልጄ የሚወደው ለዘፋኞቹ ነው፤ እንዲህ ያለ ድምፅ ከዚያ ወዲህ አልተሰማም ይላል። እኔ ደግሞ ለባሌ። ዘፈኑ መሀል ባሌ ከዳሱ ማዶ ይስልና፣ «አንቺ! ጠላው አለቀ እንዴ?» ብሎ ይጮህብኛል፤ ከዚያ ራሱ ይስቃል። ከሞተ ወዲህ ድምፁ የቀረኝ እዚያ ላይ ብቻ ነው።

እሑድ ከሰዓት ጓደኞቹ መጡ፤ ሁለት አስተማሪዎችና አንድ የቢሮ ሰው። ዓይናቸውን ጨፍነው ቅዳሴ የሚያስቀድሱ ይመስል ይቀመጣሉ። ቆሎ ብቆረጥም ልጄ፣ «እማዬ፣ ድምፅ!» አለኝ። ቆሎውን ጉንጬ ውስጥ ይዤ ተቀመጥኩ። የሠርጉን ዘፈን ከፈተው። አልዋሽም፣ ዘፋኞቹ አጠገቤ የቆሙ ነው የመሰለኝ። ያ ቦታ ደረሰ። አለፈ።

«አባትህስ?» አልኩ።

«ምኑ?»

«ጩኸቱ ነዋ! የጠላው።»

«እሱንማ አጸዳሁት፣ እማዬ። ዘፈኑን ያበላሽ ነበር እኮ። ሳሉም ጫጫታውም፣ ቆሻሻው ሁሉ ወጣለት።»

አንደኛው አስተማሪ ዓይኑን ሳይገልጥ፣ «ጋሼ በዘፈን መሀል ጠላ ያዝዙ ነበር በለኛ!» አለ። ተሳሳቁ። ልጄም ሳቀ። አፌ ውስጥ ያለውን ቆሎ መዳፌ ላይ ተፋሁት።

«ያልጸዳው የለህም?»

«ምን ያደርጋል ብዬ አጠፋሁት።»

«ካሴቱን ስጠኝ በቃ።»

«ካሴቶቹንማ ካቺሲ ላክኋቸው፤ ለአማቴ። ክሩን ለማሽላው ፈልገውት ነበር፣ ወፍ ያባርራል ብለው።»

በማግስቱ ጠዋት ካቺሲ ሄድኩ። መንገዱ አንጀት ያወጣል። የምራቴ እናት «አከም ጅርታ!» እያለች ተቀበለችኝ፤ ቤት እንኳ ሳታስገባኝ ወደ ማሽላው ወሰደችኝ። የካሴቱ ክር ከእንጨት እንጨት ተወጥሮ ያብለጨልጫል፤ ነፋስ ሲነካው ዝዝዝ ይላል።

«ይባረክ ልጅሽ፣ እትዬ! አምና ወፍ ጨርሶን ነበር። ዘንድሮ ዝር አላለም።»

«ያልተፈታ ካሴት ይኖራል?»

«ምኑ ይተርፋል! በአንድ ቀን ነው የፈታነው። ቀፎው ነው ያለው፤ ጆንያ ሙሉ።»

እየዞርኩ ዳበስኩት። የቱ የሠርግ፣ የቱ የሌላ እንደሆነ በምን ይለያል? ሁሉም ያው ቡናማ ነው። አንዱን ጫፍ ሳብ ባደርገው ፀሐይ አድርቆታል፤ እጄ ላይ ብጥስ አለ። ሴትዮዋ ደንግጣ ቶሎ ቋጠረችው። በእሷማ ምን እፈርዳለሁ?

ከሰዓት ልጄ ደወለ።

«እማዬ፣ አገኘሽው? ካገኘሽው አምጪልኝ፤ ክሩን መልሼ እጠቀልለውና እንደገና እቀዳዋለሁ። አሁን ደግሞ ከበፊቱ የተሻለ ማጽጃ አለኝ።»

«አባትህ ወፍ እየጠበቀ ነው» አልኩት። «አንተ ቤት ቆሻሻ ነበር፤ እዚህ ለሰው እህል ቆሟል። አዝመራው ሳይነሳ ያን ክር የሚነካ የለም።»

«ከዚያስ ትመጫለሽ?»

«ከዚያማ ጎጆ እሄዳለሁ።»

«እማዬ፣ ተቀየምሽኝ እንዴ?» አለኝ። ድምፁ እንደዚያ እንዳጸዳው ዘፈን ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር። ቀፈፈኝና ዘጋሁት።