የቦዩ አንቀጽ

ጠበቃው ስለ እኔ ለሰው ሲናገር «እጄ ናት» ይል ነበር። ያመሰገነኝ የሚመስላቸው ነበሩ። እኔ ግን ምን ማለቱ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እጅ ያዘዙትን ይሠራል እንጂ አይጠየቅም ማለቱ ነው። ስሙን አልጽፍም። የሚያውቀው ያውቀዋል። ፊት ለፊት «እርስዎ» እያልኩት ኖሬአለሁ፤ እዚህ ግን የሚያስገድደኝ የለም።

ወልድያ፣ ፍርድ ቤቱ አጠገብ በነበረችው ቢሮው፣ ከወጣትነቴ እስከ ሽበቴ ውል ጻፍኩለት። መጀመሪያ በታይፕ፣ ኋላ በኮምፒውተር። የቤት ሽያጭ፣ የሱቅ ኪራይ፣ ብድር፣ የእርሻ መሬት ኪራይ። እሱ ክርክር ላይ ይውላል፤ ባለጉዳይ ሲመጣ የምጠይቀውም የምጽፈውም እኔ ነኝ። ማታ ይመጣና ሳያነብ ይፈርማል። ሳያነብ የሚፈርመው ስለሚያምነኝ ነው ብዬ ለራሴ የነገርኩባቸው ዓመታት ነበሩ።

አንድ ልማድ ነበረኝ። ጽፌ ስጨርስ፣ ጣታቸውን ቀለም ከማስነካቴ በፊት ወረቀቱን ገልብጬ አስቀምጥና «እስቲ ምን እንደተዋዋላችሁ በአፋችሁ ንገሩኝ» እላለሁ። ሰጪውም ተቀባዩም ይናገራሉ። የተናገሩት ከጻፍኩት ጋር ካልገጠመ እንደገና እጽፋለሁ። ስንቱ ጠብ እዚያች ወንበር ላይ ቀርቷል። ጠበቃው ግን ይህንን ልማዴን አይወደውም ነበር። አንድ ቀን ደንበኞች ፊት «አንቺ ውል ነው የምትጽፊው ወይስ ንስሐ ነው የምትቀበዪው?» አለኝ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ፈገግ አልኩ። ያኔ ፈገግ እል ነበር።

ጦርነቱ መጥቶ ወደ ደሴ ስንሸሽ፣ ሰው ልብስና ዱቄት ሲሸከም እኔ ውሎቹ ሁሉ ያሉበትን ፍላሽ በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ወጣሁ። ለምን እንደያዝኩት ዛሬም በደንብ አላውቅም። ስንመለስ የቢሮው በር ተገንጥሏል፣ ኮምፒውተሩ የለም፣ ወንበሩ እንኳ ተወስዷል። ጠበቃው ባዶው ክፍል መሃል ቆሞ ሲያለቅስ አገኘሁት። ቋጠሮዬን ፈትቼ ፍላሹን ሰጠሁት። ጎንበስ ብሎ እጄን ሳመኝ። ይህንንም የምጽፈው፣ በኋላ የሚመጣውን ስናገር መልካሙን ደበቀች እንዳልባል ነው።

ከዚያ ሴት ልጁን ያገባው ወጣት መጣ። ኮምፒውተር የተማረ፣ ሥርዓት ያለው ሰው ነው፤ ክፋት አላየሁበትም። «ማዘር» ይለኛል። እናቱ አይደለሁም። ክረምቱን ሙሉ አጠገቤ ተቀምጦ ጠየቀኝ። ለሱቅ ኪራይ የማይቀረው አንቀጽ የትኛው ነው? ቤት ስትሸጥ ሚስት ካልፈረመች ምን ይጻፋል? አዋሳኝ ሲጠቀስ በምሥራቅ ነው የሚጀመረው ወይስ በሰሜን? የማውቀውን ሁሉ ነገርኩት። ጠበቃው ደግሞ «ተቆጣጣሪዋ አንቺ ትሆኛለሽ፤ ከአንቺ ዓይን ሳያልፍ አንድ ወረቀት አይወጣም» ይለኝ ነበር።

ወጣቱ ከነገርኩት የሠራው የኮምፒውተር ፕሮግራም አለቀ። ስም፣ አድራሻ፣ አዋሳኝና ዘመን ከሞሉለት ውሉን ራሱ ደርድሮ፣ ቁጥር ሰጥቶ፣ የፍትሐ ብሔሩን ሕግ ጠቅሶ ያወጣዋል። የቀረበልህ ሻይ ሳይቀዘቅዝ ውልህ እጅህ ይገባል። ጠበቃው መርሳና ውርጌሳ ላይ ቅርንጫፍ ከፈተ፤ የሚሞሉ ልጃገረዶች ቀጠረ። እኔን ጠርቶ «አሁንስ ዕረፊ፤ ብዙ ደክመሻል» አለኝ። በቃሽ ማለት ሲከብደው ዕረፊ አለ።

ወደ ተወለድኩበት ወደ መርሳ ተመለስኩ። ከዋናው መንገድ ዳር አንዲት ክፍል ይዤ ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ማንበብ ለማይችል አነባለሁ። የሚያመጡልኝ ወረቀት አብዛኛው ከዚያ ፕሮግራም የወጣ ነው። የራሴን ዓረፍተ ነገር ሰው ይዞልኝ ይመጣል፤ እኔም የማላውቀው መስዬ አነብለታለሁ። ከእንግዲህ አንዲት ቃል ከአፌ እንዳይወስዱ ለራሴ ማልኩ። መሐላዬን የሰማ ሰው የለም፤ መሐላ ግን መሐላ ነው።

ታናሽ እህቴ ከግራና ከተማ ወዲያ ሙስሊም አግብታ ቆላው ላይ የቀረች ናት። ባሏ ሞቶባታል። የተወላት መሬት ከቦይ የሚጠጣ ነው፤ ዳሩን ዳሩን እሱ የተከላቸው ብርቱካኖች አሉበት። መሬቱን የሚያርስላት ስታጣ ወልድያ ለሚኖር የሽንኩርት ነጋዴ አከራየችው። ውሉን ግን እኔ ጋ አላመጣችውም። ነጋዴው መርሳ ካለው የጠበቃው ቅርንጫፍ ወሰዳትና እዚያው ጣቷን አሳረፈች። እኔ ተቀምጬ ማመልከቻ ከምጽፍበት በር ፊት አልፈው ነው የሄዱት።

ኋላ ስጠይቃት «ላላስቸግርሽ ብዬ ነው እኮ እታለም» አለችኝ። «ደግሞ ወረቀቱ እንዴት ያምራል መሰለሽ።»

የዚያ አገር ሥርዓት እንዲህ ነው። ቦዩ ከወንዙ ተጠልፎ የሚመጣ ነው። ደረቁ ወራት ከመግባቱ በፊት ከቦዩ የሚያጠጣ ሁሉ ለሥራው ሰው ያወጣል፤ ደለሉ ይዛቃል፣ የፈረሰው ይካባል። ሰው ያላወጣ ተራው ይዘለላል። ተራውን የሚያካፍል፣ የሚዘልም የሚመልስም፣ አገሩ የመረጠው የውሃ አባት ነው። በእኔ ዘመን የእርሻ መሬት ኪራይ ስጽፍ ወረቀቱን ገልብጬ «ቦዩንስ?» እላለሁ። ይስማማሉ፤ በዚያው በንግግራቸው ይቀራል። ወጣቱ የሰበሰበው የጻፍኩትን ነው። በአፍ የማስጨርሰውን አልጠየቀኝም፤ እኔም ልጠየቅ ይገባኛል ብዬ አላሰብኩም።

ቦዩ በተጠረገ ጊዜ እህቴ ተከራዩ ሰው ያወጣል ብላ ተቀመጠች። ተከራዩ ደግሞ ጠረጋ መኖሩን ሲሰማ ወረቀቱን አየ፤ የአከራይ ግዴታ ነው የሚል አገኘና ተቀመጠ። የውሃ አባቱ ከማሳው ሰው ሲያጣ ተራውን ዘለለው። ሽንኩርቱ ጠወለገ፤ የብርቱካኖቹ ቅጠል ተጠቀለለ። ነጋዴው በጠበቃው በኩል ጥያቄ አቀረበ፤ በአከራይ ጥፋት መሬቱን መጠቀም ስላልቻልኩ የሚመጣውን ዓመት ያለ ኪራይ ልያዝ አለ። ይህ ከሆነ እህቴ ዓመቱን የምትበላው የላትም። ብርቱካኖቹም እስከዚያ አይቆዩላትም።

የውሃ ጉዳይ ፍርድ ቤት ከመድረሱ በፊት በውሃ አባቱ ፊት ይታያል። ቦዩ ከወንዙ በሚነሣበት ቦታ፣ ሾላው ሥር ተሰበሰብን። የውሃ አባቱ ከመስጊድ የተመለሱ፣ ዓይናቸው የደከመ ሽማግሌ ናቸው። «ቢስሚላህ» ብለው ጀመሩና ጠበቃው እንዲናገር ፈቀዱለት። ጠበቃው አማቹን አስከትሎ ነው የመጣው። አማቹ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ስልኩን ጭኑ ላይ አኖረ። ድምፅ እየቀዳ እንደሆነ አየሁ።

ጠበቃው መነጽሩን አድርጎ አነበበ። «ከንብረቱ ጋር የተያያዙ የመንግሥትና የአካባቢ ግዴታዎች ሁሉ የአከራይ ናቸው።»

ገና ሲጀምር አወቅሁት። የእኔ ነው። ወልድያ መናኸሪያው አካባቢ ላለ የአንድ ሱቅ ኪራይ የጻፍኩት ነው። ተከራዩ የቀበሌ መዋጮ በመጣ ቁጥር ከባለቤቱ ጋር ይጣላ ስለነበር፣ ጠቡን ለማብረድ ያሰናዳሁት ዓረፍተ ነገር። እዚያ ሱቁ ግድግዳና ቆርቆሮ ነበር። እዚህ አምጥተው ብርቱካንና ቦይ ላይ አስቀምጠውታል።

«አባባ» አለ ጠበቃው ወረቀቱን እያጠፈ፣ «ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም። ዓረፍተ ነገሩን የጻፈችው እዚህ የተቀመጠችው የአከራይዋ እህት ናት። ትካደው።»

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እህቴ ጭምር። ያን ሁሉ ዓመት ደንበኛ በጻፍኩት ሲያመሰግነው አንድ ቀን «እሷ ናት የጻፈችው» ብሎ አያውቅም። ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራዬን በስሜ የጠራው እህቴን ሊረታበት ነው።

የውሃ አባቱ ጠየቁኝ። «እውነት ነው እቴ?»

«እውነት ነው አባባ» አልኩ። «ለሱቅ ነው የጻፍኩት። ሱቅ ውሃ አይጠጣም።»

ወደ ነጋዴው ዞሩ። ጠረጋው ከመድረሱ በፊት ማሳውን ማን ሲያጠጣ እንደነበር ጠየቁት። እኔ ነኝ አለ። ያ የጠጣው ውሃ የመጣበትን ቦይ ማን እንደጠረገው ጠየቁት።

«አባባ፣ እኔ የወልድያ ሰው ነኝ» አለ ነጋዴው። «ውሃ የማውቀው ከቧንቧ ነው።»

«ከቧንቧውስ መች አወቃችሁት» አለ ከኋላ አንድ ሰው፤ ሰዉ ሳቀ፤ ነጋዴውም አብሮ ሳቀ። መጥፎ ሰው አልነበረም። ወረቀት ያሳየውን የያዘ ሰው ነው።

የውሃ አባቱ አልሳቁም። «ሥርዓታችንን እኛ እናውቀዋለን» አሉ። «ይኸ ሰው ግን ወረቀት ይዞ መጥቷል፤ ነገም ሌላው ይዞ ይመጣል። አንቺ ለኛ መሬት ብትጽፊው እንዴት ነበር የምትጽፊው? እሱን ተናገሪና በዚያ እንጨርስ።»

አማቹ ስልኩን ከጭኑ አንሥቶ ወደ እኔ ጠጋ አደረገው። ደፍሮ አላየኝም፤ ግን አደረገው።

ዝም ብል መሐላዬ ይጸናል። ነጋዴው ወረቀቱን ይዞ መርሳ ፍርድ ቤት ይሄዳል፤ እዚያ ወረቀት እንጂ ሾላ የለም። እህቴ ከሰል የመሰለ ጥፍሯን እያየች ተቀምጣለች። እኔን አልለመነችኝም። በሬን አልፋ መሄዷ ትዝ ብሏት ይሆናል። እኔም ትዝ ብሎኛል፤ አልዋሽም። ብናገር ደግሞ የምናገረው ለእህቴ ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

ተናገርኩ። እንደ ድሮው፣ ሲጻፍ እንደሚባለው ቀስ ብዬ ነው የተናገርኩት። «ተከራዩ መሬቱን በያዘበት ዘመን የውሃ ተራው ተጠቃሚ እሱ ስለሆነ፣ ለቦይ ጠረጋ ሰው የሚያወጣው እሱ ነው።» ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ ቀጠልኩ። «ሳያወጣ ቀርቶ ተራው ቢዘለል፣ ጉዳቱ የራሱ ነው፤ ተራውም በአከራዩ ስም እንዳለ ይቆያል።»

«በዚህ ነው የኖርነው» አሉ የውሃ አባቱ። ነጋዴውን ስማ አሉት። ነጋዴው ጠበቃውን አየ፤ ጠበቃው ሰዓቱን አየ። ከማሳው ድርሻ የቀረውን ጠረጋ ነጋዴው ሰው ቀጥሮ ሊያስጨርስ፣ የሚመጣውን ዓመት ጥያቄውንም ሊተው ተስማማ። ተራው ተመለሰ። እህቴና ነጋዴው ወረቀቱ ሳይነሣ የተስማሙትን በአፋቸው ተናገሩ፤ ያንን የጠየቁት የውሃ አባቱ ናቸው፣ እኔ አይደለሁም። ውሃው ማሳው ሲደርስ ግን የታችኛው ረድፍ ብርቱካን ደርቆ ነበር። እህቴ ለማገዶ ቆረጠችው።

ስንለያይ ጠበቃው አጠገቤ መጥቶ «እጅሽ ዛሬም አልዛለም» አለኝ። ነጠላዬን አጣፍቼ መንገድ ጀመርኩ። ደክሞኝ ነበር፤ ቁልቁለቱም ይጠብቀኝ ነበር።

ብዙ ሳይቆይ ከውርጌሳ አንድ ገበሬ የመሬት ኪራይ ውል ይዞልኝ መጣ። ከፕሮግራሙ የወጣ፣ ገና ያልተፈረመ። «ጣቴን ከማኖሬ በፊት አንቱ አንብቡልኝ» አለኝ። እያነበብኩ ወደ መሃሉ ስደርስ አገኘሁት። ተከራዩ መሬቱን በያዘበት ዘመን የውሃ ተራው ተጠቃሚ እሱ ስለሆነ፣ ለቦይ ጠረጋ ሰው የሚያወጣው እሱ ነው። ቃል በቃል። ከዚያ የሚቀጥለው አንቀጽ የኪራይ አከፋፈል ነበር። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር የለም። ትንፋሼን የዋጥኩበት ቦታ ላይ ስልኩን አጥፍቶት ይሆናል፤ ወይም አስፈላጊ አልመሰላቸውም።

«ይኸ ስለ ቦይ የተጻፈው ደግ ነው?» አለኝ ገበሬው።

«ደግ ነው።»

«ማን ጻፈው? የኛን ነገር የሚያውቅ ነው።»

«ኮምፒውተር ነው» አልኩት።

ብዕሬን አንሥቼ የጎደለውን ከጎኑ በእጄ ጻፍኩለት። ተከራዩም እሱም በአጠገቡ ጣታቸውን እንዲያኖሩ ነገርኩት። ወረቀቱን ገልብጬ ምን እንደሚዋዋል በአፉ አስነገርኩት፤ ሁለቴ ተሳሳተ፣ በሦስተኛው ተናገረው።

ጠበቃው ጋ ሄጄ ይህ ጎድሎባችኋል አላልኩም። ከዚያም ወዲህ ከዚያ ፕሮግራም የወጣ የእርሻ ውል በእጄ ሲገባ የጎደለውን በብዕር እጽፋለሁ። በእጄ ያልገባውን ማን እንደሚጽፍለት አላውቅም። አንዳንድ ማታ ያሳስበኛል፤ ጠዋት ስነሣ ደግሞ ቂሜ እንዳለ ነው። አሁን ሁለቱንም ዓረፍተ ነገር እዚህ አስፍሬዋለሁ። ጠበቃው ካነበበ ይውሰደው።