ቆሞ የቀረው ደን

ከልደታ የተነሳሁት ገና ጎህ ሳይቀድ ነው። ታላቅ ወንድሜ እሸቱ ከቦንጋ ወጣ ብሎ ባለው የትውልድ መንደራችን ዛፍ ወድቆበት ሞቷል። ለቀብሩ አልደረስኩም፤ ጎርፍ መንገዱን ቆርጦት ነበር። መንገዱ ሲከፈት ለቅሶ ለመድረስና የሞተበትን ቦታ በዓይኔ ለማየት ሄድኩ።

ሜክሲኮ አካባቢ ባለ ኮሌጅ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ደን ሲቆራረጥ ምን እንደሚሆን ለተማሪዎቼ ሳስረዳ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ከቤተሰቤ ሰው ይወስዳል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

እስከ ጅማ

ከጌጃ ሰፈር በታክሲ መርካቶ አውቶቡስ ተራ ደረስኩ። የትኬቱ ዋጋ ካለፈው ጉዞዬ ወዲህ እጥፍ ሆኗል። አጠገቤ የተቀመጡት ወልቂጤ የሚወርዱ ሽማግሌ ጥቁር ልብሴን አይተው፣ «ማን ሞቶብሽ ነው ልጄ?» አሉኝ።

«ወንድሜ ነው አባባ። ዛፍ ወደቀበት።»

«አላህ ያጽናሽ» አሉኝ። ቱሉ ቦሎን ካለፍን በኋላ ከያዙት ዳቦ ቆርሰው ሰጡኝ። «ሐዘንተኛ ሆዱን ይረሳል፤ ብይ» አሉኝ። ከማለዳ ጀምሮ እህል አልቀመስኩም ነበርና በላሁ።

ግቤ በረሃ ስንወርድ ሙቀቱ አውቶቡሱን ሞላው። ጅማ ስንደርስ ዝናብ ያዘን። ጣቢያው አጠገብ አልጋ ይዤ፣ ያዘዝኩትን ፍርፍር ሳልጨርስ ተኛሁ።

ከጎጀብ ማዶ

በማግስቱ በሚኒባስ ጎጀብን ተሻግረን ወደ ቦንጋ ወጣን። ደኑ ከሩቅ ሲያዩት ሙሉ ይመስላል። ሲጠጉት ግን እዚህ ጉብታ ላይ አንድ ቁራጭ፣ እዚያ ሸለቆ ውስጥ ሌላ ቁራጭ ነው፤ መሃሉን በቆሎ፣ ሻይና ባሕር ዛፍ ይዘውታል። ልጅ ሳለን ከጓሯችን የገባ ሰው ከጥላ ሳይወጣ ወንዙ ድረስ ይሄድ ነበር።

ከቦንጋ በሞተር ሳይክል መንደሩ ገባሁ። የወንድሜ ሚስት ሙሉነሽ ገና ከበሩ ስታየኝ ጮኸች። ተቃቅፈን አለቀስን።

«አልደረስሽለትም እኮ» አለችኝ።



የሞተበት ቦታ

ጠዋት ትልቁ ልጇ ተስፋዬ ቦታውን አሳየኝ። እሸቱ ንብ አናቢ ነበር። የዚያን ዕለት ቀፎውን ሊያይ ወጥቶ ሳለ ነፋስ ተነሳ፤ ቀረሮ የሚባለው ረጅም የደን ዛፍ ከነሥሩ ተነቅሎ ላዩ ላይ ወደቀ። ግንዱ አሁንም እዚያው ተጋድሟል። እጄን አሳረፍኩበትና ቆሜ ቀረሁ።

የቀረው ቁራጭ ደን ከጫፍ እስከ ጫፉ ይታያል። ቀረሮ ቀጥ ብሎ የሚያድገው በደን መሃል፣ ሌሎች ዛፎች ከነፋስ ከልለውት ነው። ዙሪያው ሲመነጠር ብቻውን ቀረ። ከቀሩት ዛፎች የብዙዎቹ ጫፍ ደርቋል። ነፋስና ፀሐይ በየጎኑ ስለሚገቡ መሬቱ እንደ ድሮው እርጥብ አይደለም፤ ሐረግ የወጣቶቹን ዛፎች አናት ሸፍኗል። ድሮ በየእርምጃው ሌላ ዓይነት ዛፍ ነበር፤ አሁን ከዳር እስከ ዳር የሚበቅለው፣ በተመነጠረ መሬት ላይ ቶሎ የሚወጣው ብሳና ነው። የቀረሮ ችግኝ ፈልጌ ያገኘሁት ጥቂት ብቻ ነው፤ እነሱም ጠውልገዋል።

«ድሮ ከዛፍ ዛፍ ይዘል የነበረው ጉሬዛ አለ?» አልኩት።

«ከወንዙ ማዶ አለ። በቆሎውን አቋርጦ አይመጣም፤ ውሻ ያሳድደዋል» አለኝ ተስፋዬ።

ስንመለስ ሙሉነሽ ከቤቱ ጀርባ ባለው ሌላ ቀረሮ ሥር ቆማ ጠበቀችን። ለማስቆረጥ ከቀበሌ ፈቃድ አግኝታለች፤ ተስፋዬ ግን እንቢ ብሏል።

«አንቺ የተማርሽው ይኼንኑ ነው። እውነቱን ንገሪኝ፤ ይኼም ይወድቃል?» አለችኝ።

ተስፋዬ ቀደመኝ። «አክስቴ፣ አባቴ የመጨረሻውን ቀፎ የሰቀለው እዚህ ላይ ነው። እሱን ቀብረን ዛፉን ደግሞ እንቁረጥ?»

ዛፉን ዞርኩት። ወደ ቤቱ አዘንብሏል፤ በወዲያኛው በኩል አፈሩ ተሰንጥቆ ሥሩ ብቅ ብሏል። አይወድቅም ለማለት በጣም ፈለግሁ። ሕይወቴን ሙሉ ዛፍ አትቁረጡ ያልኩ ሰው ነኝ።

«ይወድቃል፤ የሚወድቀውም ቤቱ ላይ ነው። ይቆረጥ» አልኩ።

ተስፋዬ ጥሎን ሄደ።

በማግስቱ የሞተር መጋዝ ያለው ጎረቤት መጣ። ተስፋዬ ራሱ ወጥቶ የአባቱን ቀፎ በገመድ አወረደ። ዛፉን ወደ በቆሎው ማሳ ስበው ጣሉት። ሙሉነሽ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ታለቅስ ነበር። ጥላ የነበረበት ቦታ በአንዴ ብርሃን ሆነ፤ ንቦቹ ቀፎአቸው የነበረበት አየር ላይ ሲዞሩ ቆዩ።

ማታ ሙሉነሽ ሳትጠየቅ ተናገረች። «ከቁራጩ ደን እስከ ወንዙ፣ በመሃል በሚወርደው ጅረት ዳር ያለውን መሬት ከእንግዲህ አላርሰውም። ዛፍ ይያዘውና ከማዶው ደን ጋር ይገናኝ።»

«የልጆችሽ እህል እኮ ነው» አልኳት።

«ሌላው ማሳ አለ። ይበቃናል ባልልም፣ እሸቱን የገደለው ብቻውን የቆመ ዛፍ ነው።»

ከመመለሴ በፊት ከቁራጩ ደን ያገኘናቸውን ችግኞች ከነአፈራቸው አንስተን በጅረቱ ዳር ተከልናቸው። ተስፋዬ ጉድጓዱን ቆፈረ፤ እስከዚያ ድረስ አላናገረኝም ነበር። «ለማደግ ስንት ዓመት ይፈጅባቸዋል?» አለኝ።

«እኔ አድገው አላያቸውም። አንተም የምታያቸው አርጅተህ ነው» አልኩት።

መልስ

በመጣሁበት መንገድ ተመልሼ ልደታ ስደርስ ጎረቤቶቼ ሊያጽናኑኝ ተሰብስበው ጠበቁኝ። «ደኑ እንኳን ተርፎላችኋል አይደል?» አለችኝ አንዷ፣ መልካም ነገር ፈልጋ። «አዎ፣ ጥቂት ቀርቷል» አልኳት።

ሰሌዳው ላይ የተቆራረጠ ደን ስስል የቀሩትን ቁራጮች በአረንጓዴ ጠመኔ እቀባቸው ነበር፤ እንደተረፉ እየቆጠርኩ። ወንድሜ የሞተው አረንጓዴ በቀባሁት ውስጥ ነው። የተመነጠረው ደን በአንድ ቀን ሞተ፤ የቀረው ግን በየክረምቱ ጥቂት ጥቂት እየሞተ፣ ከሥሩ የሚኖረውን ሰው ይዞ ይሄዳል።

ተስፋዬ ትናንት ደውሎ ነበር። ከተከልናቸው አብዛኞቹ ደርቀዋል። ለቀሩት የእንሰት ቅጠል ጥላ ሠርቶላቸዋል።