ጋሽ ላሚሶ የተቀመጡበት ወንበር

ወንበር ማለት ሰው ቆሞ እንዳይቀር ታስቦ የተሠራ፣ ብዙውን ጊዜ አራት እግር ያለው ዕቃ ነው። እኔ በምሠራበት የጭነት ማመላለሻ ድርጅት በቂ ወንበር ያለን ይመስለኝ ነበር።

ሾፌሮቻችን እየለቀቁ ሄደው መኪኖቻችን ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ባለው ግቢያችን ተገተሩ። ሥራ አስኪያጁ «ጋሽ ላሚሶን ሳትይዝ እንዳትመለስ» አሉኝ። ጋሽ ላሚሶ እኛን ትተው ማዶ ካለው ድርጅት የገቡ አንጋፋ ሾፌር ናቸው። ቆርጬ ተነሣሁ።

ስደርስ ቢሮ ውስጥ ተቀምጠው የጭነት ወረቀታቸውን ይጠብቃሉ።

«ጋሼ፣ ደመወዝ እንጨምርልዎታለን።»

«ለቀሩት ጨምሩላቸው።»

«አዲስ መኪናም እንሰጥዎታለን።»

«በአዲስ መኪና መጥቼ እናንተ ደጅ ልገተር?»

«ታዲያ ምን አጎደልንብዎ?»

የተቀመጡበትን ወንበር መታ መታ አደረጉት።

«ልጄ፣ ስንት ዓመት ወረቀቴን በመስኮት ስትሰጠኝ ኖርክ! ከሞያሌ ነድቼ መጥቼ፣ ፍርግርጉን ይዤ ቆሜ ነው የምጠብቅህ። እዚህ ገና በሩን ሳልፍ ‹ይቀመጡ› ይሉኛል። ደመወዙ እንደሆነ ያው የእናንተው ነው።»

ተመልሼ ለሥራ አስኪያጁ ነገርኳቸው። ለሾፌሮች ወንበር ካልተገዛ ከቢሯቸው አልወጣም ብዬ ሙጭጭ አልኩ። እስከ ምሳ ሰዓት ተከራክረው ተስማሙ።

በማግሥቱ መደገፊያ ያለው ጥሩ ወንበር ተገዛ። ከመስኮቱ ውጭ፣ ፀሐይ ላይ ተደረገ። ጋሽ ላሚሶ አልመጡም፤ ዘበኛው ተቀምጦበታል።