የጠበስኳቸው ድንጋዮች

በዚያን ቀን ጠዋት ድንጋይ ጠበስኩ። የባትሪ ድንጋይ ማለቴ ነው። ሌላው ሰው የደከመ ድንጋዩን ፀሐይ ላይ አስጥቶ ነፍስ ይዘራበታል፤ አሰላ ግን በክረምት ፀሐይ ከየት ይመጣል? እኔ ብልጡ ሁለቱን የቢሮው የከሰል ምድጃ ጠርዝ ላይ ደርድሬ ሻይ ልጠጣ ወጣሁ። ስመለስ አንዱ አብጦ ተሰንጥቋል፣ ሌላው ጥቁር ዝቃጩን ለቆታል።

ጊዜው የሃምሳዎቹ መጀመሪያ ነው፤ የአንድ መሥሪያ ቤት ሬዲዮ ኦፕሬተር ነበርኩ። በየጠዋቱ ከጢቾና ከጎበሳ ጣቢያዎች ጋር እነጋገራለሁ። ሬዲዮው በመኪና ባትሪ ይሠራል። ጠረጴዛው ላይ የሚቆመው ማይክራፎን ግን ኩሩ ነው፤ ከሥሩ ባለችው ሣጥን ውስጥ የራሱን ሁለት ድንጋይ ካላገኘ ድምፅ አያሳልፍም። ያለ እነሱ ሌላውን እሰማለሁ፣ እኔን ግን የሚሰማኝ የለም። ኋላ ሳገባ ይህ ልምድ ጠቅሞኛል።

የግቢው ዘበኛ፣ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ የአርሲ ሰው፣ እሳት ሊሞቁ ገቡ። በቋንቋቸው፣ አቶ እንደ ማለት፣ ኦቦ ነበር የምላቸው። ምድጃውን አይተው ሳቁ።

«ምነው ልጄ፣ ድንጋይ ጠብሰህ ልትበላ ነው? ደመወዝ አልወጣም እንዴ?»

«የእጅ ባትሪዬ ነው፤ ይተዉኝ ኦቦ» ብዬ ዋሸሁ።

ያኔ ጢቾ ተጣራ። የጢቾ ክሊኒክ ቁስል አጣቢ፣ የድሬሰሩ ድምፅ ጥርት ብሎ ይመጣል። «አሰላ! አንድ ሰው እግሩን መጥረቢያ መትቶት እግሩ እየጠቆረ ነው። የእህል መኪናው ሊነሣ ነው፤ ሾፌሩ እዚያ ተቀባይ ከሌለው አልጭንም ብሏል። የእናንተ ግቢ ዘበኛ ወንድሙ ነው አሉ። ይቀበለዋል ወይ?»

ኦቦ ብድግ አሉ። «በለው! እቀበለዋለሁ በለው!»

እንደማይሠራ እያወቅሁ ማይክራፎኑን ተጭኜ ጮኽኩ።

«ሽ ይላል እንጂ ቃል የለውም» አለ ድሬሰሩ። «ሰው ነህ እባብ?»

እውነቱን መናገር የነበረብኝ እዚያ ላይ ነው። አፈርኩ። «ሬዲዮው ተበላሽቷል» አልኩና ጀርባውን ፈታሁ፤ ሽቦ ነካካሁ፣ እፍ አልኩበት። ኦቦ ካቻቢቴ ያቀብሉኛል። ግማሽ ሰዓት ያህል እንዲህ ቆየን። ድሬሰሩ ሦስት ጊዜ ተጣራ። በመጨረሻ የምፈታው ነገር አለቀብኝ።

«የጎደለው ድንጋይ ነው» አልኩ።

«የቱ ድንጋይ?»

«የጠበስኩት።»

ኦቦ ካፖርታቸው ውስጥ እጃቸውን ሰደዱ፤ የጥበቃ ባትሪያቸውን አወጡ፤ ቂጡን ፈተው ሁለቱን ድንጋይ መዳፌ ላይ አራገፉት። ገላቸው አሙቆት ነበር።

«ጢቾ! ይቀበሉታል!» ድምፄ አለፈ።

«አሁን ነው የምትነግረኝ? መኪናው ሄደ። ሌላው ከሦስት ቀን በኋላ ነው የሚነሣው።»

«ያ ዋቃ» ብለው ኦቦ አምላካቸውን ጠሩ፤ ካቻቢቴውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ወጡ።

ምን ተሰማህ ብትሉኝ፣ ምንም። መዝገቡን ከፍቼ በጢቾ መስመር ላይ «ግንኙነት ጥሩ» ብዬ ጻፍኩ፤ ቀለሙ እስኪደርቅ አየሁት። ጎበሳም ሲጣራ የዝናቡን ወሬ ተቀበልኩ። ምሳዬንም በላሁ።

ወንድማቸው በአራተኛው ቀን መጣ። እግሩን ከጉልበቱ በታች ቆረጡት። ቀድሞ ቢደርስ ይተርፍ ነበር ወይ ብዬ ሐኪሙን አልጠየቅሁም፤ ሐኪም ቤቱ ደግሞ ከቢሮዬ ሁለት እርምጃ ነው።

ኦቦ ለአለቃዬ አልተናገሩብኝም። ግምጃ ቤት አዲስ ድንጋይ እስኪልክልኝ ግቢውን ያለ መብራት ዞሩ። ድንጋዩ ሳይመጣ ግን የወንድማቸውን መሬት ሊያርሱለት ሥራቸውን ለቀው ጢቾ ገቡ። ከዚያ በኋላም ስንት ዓመት በየጠዋቱ ከጢቾ ጋር አወራሁ፤ አንድም ቀን ኦቦን ጥሩልኝ አላልኩም። ድንጋያቸውን በእህል መኪና ልላክላቸው ብል ሾፌሩ እምቢ አይለኝም ነበር። አልላክሁም።

ሁለት የባትሪ ድንጋይ አለብኝ። ትልቁ ዓይነት።