ማርያም የሳመቻት ጉንጭ

እትዬ ፔሪን ሥዕል የሚታተምበትን መዳብ መቅረጽ የጀመሩት በባላቸው ጊዜ ነው። እሱ የመኳንንቱን ፊት ይቀርጻል፤ እሳቸው ዊጉንና ዳንቴሉን። ሲሞት ፊት መቅረጹንም ወረሱት። በአታሚዎቹ ሰፈር በሰን ዣክ መንገድ እንደሳቸው መዳብ ላይ ጸጉር የሚጠቀልል እጅ አልነበረም። አታሚያቸው ስለሆንኩ አይደለም ይህን የምለው፤ ምቀኛ ሁሉ የሚያምነው ነው።

በስተርጅና ዓይናቸው ደከመ። የመጨረሻ ሥራዬ ብለው የተቀበሉት የእሜቴ ደ ሎርኚን ምስል ነበር። ከቬርሳይ ቤተ መንግሥት የመጣውን ሥዕል ዘይት በጠጣ ስስ ወረቀት ላይ ቀድተው መለሱት፤ ከዚያ ከወረቀቱ ወደ መዳቡ አሻግረው የብርዱን ወራት ሁሉ ሲጭሩ ከረሙ።

መዳቡን ቀለም አብልቼ፣ በመዳፌ ጠርጌ አተምኩት። ፊቱ ነፍስ አለው። ግን ደነገጥኩ።

"እትዬ፣ እሜቴን ማርያም የሳመቻቸው በየትኛው ጉንጫቸው ነው?"

"በግራ። ምነው?"

እንደገና ወደ ወረቀቱ አጎነበስኩ።

"ጊዮ፣ ልቤን አታንጠልጥለው፤ ተናገር!"

መዳብ ሲታተም ግራውን ቀኝ ያደርጋል፤ ስለዚህ ሥዕሉ የተቀዳበት ወረቀት መዳቡ ላይ ተገልብጦ ነው የሚነጠፈው። ያ የፈረደበት ወረቀት ደግሞ ዘይት ጠጥቶ ፊቱና ጀርባው አንድ ሆኗል፤ እትዬ ሳይገለብጡት ነጥፈውታል። ጥቁሯ ነጥብ በቀኝ ወጣች። እሜቴ ካልወደዱት መዳቡ ተፍቆ እንደገና ሊሠራ ነው። በዚያ ዓይን እንደገና? የማይሆን ነገር!

በማግስቱ እሜቴ ከባላቸው ጋር መጡ። እኔ ሆዬ ክፉውን አስቤ መፋቂያውን ከኋላዬ ይዤ ቆሜያለሁ።

"ኧረ ይቺ አንቺ አይደለሽም!" አሉ ባልየው ገና እንዳዩት። "ምልክትሽ በቀኝ ሆኗል፤ አፍንጫሽም ወዲያ ዞሯል!"

እሜቴ ወረቀቱን ይዘው ወደ መስኮቱ ሄዱ። እትዬ ፔሪን ጠረጴዛውን ጨብጠው ይጠብቃሉ።

"እኔ ነኝ" አሉ እሜቴ። "ሠዓሊው ሁሉ የማላውቃትን ሴትዮ ሲሥልልኝ ኖሯል። ጠዋት ጠዋት መስታወት ውስጥ የማገኛት ይቺ ናት።"

"ግን እኮ ምልክትሽ..."

"ጉድ ነው! ለመሆኑ ምልክት እንዳለኝ ያውቁ ኖሯል?"

የባልየው ፊት ቀላ። እሜቴ አንድ ጭረት እንኳ እንዳይነካ አዘው ወጡ። እፎይ! ደስ አለኝ። እትዬ ፔሪን የወረቀት ክምር ላይ ዘፍ ብለው ሳቅና እንባ ተደባለቀባቸው።

"በል፣ ያንን መፋቂያ ወዲያ ጣልልኝ።"

"አዩት እንዴ?"

"ከጠዋት ጀምሮ። ያ ወረቀት ብቻ ነው ከዓይኔ ያመለጠው።"