ባዳቾ «የኔ አይደለም» ብሎ የማለበት መሬት

በሃምሳዎቹ መጀመሪያ፣ ከሶዶ ከተማ ወጥቶ የዳሞታን ተራራ በጀርባው አድርጎ ቁልቁል የሚወርድ ሰው በሚያገኘው መንደር፣ ባዳቾ የሚባል ገበሬ ነበር። ገበሬ እንበለው እንጂ ዋና ሥራው ጥላቻ ነው፤ የሚያርሰው ከጥላቻ በተረፈው ጊዜ ነበር። ዝናብ ሲመጣ ይጠላዋል፣ ሲቀርም ይጠላዋል። ተበላ የሚባለውን ከተማ ገበያ ስለሚርቅ፣ የሶዶን ገበያ ስለሚቀርብ ይጠላል። አውራ ዶሮው ሲጮህ እንኳ «ማንን ነው የምትሰድበው?» ብሎ ይነሣበታል ይባል ነበር። ይህ ሁሉ ግን ልምምድ ነው። ዋናው ጥላቻ በክብር የተቀመጠው ለአንድ ሰው፣ ለጎረቤቱ ለጩማ ነበር።

ጠባቸው በመሬት ነው። በመሬት መጣላት ብርቅ አይደለም፤ ብርቁ ሁለቱም መሬቱን «አልፈልግም» ማለታቸው ነው። በይዞታቸው መካከል አንድ ነጭ ተዳፋት አለ። ሲዘንብበት እንደ ሳሙና ያንሸራትታል፣ ሲደርቅ እንደ ተረከዝ ይሰነጠቃል። በቆሎ አያበቅል፣ ጎዳሬ አያበቅል፤ አረሙ ራሱ አይቶት ዞሮ ያልፋል። ግብር ብቻ ይበቅልበታል። ስለዚህ አገር ሁሉ «የኔ ነው» ብሎ በሚምልበት ነገር ባዳቾ ከሽማግሌዎች ፊት ቀረበ፤ ከነጩ አፈር ዘገነና፣ «ይህ መሬት የኔ ከሆነ አፈሩ አፌን ይሙላው!» ብሎ ማለ። ጩማም እንዲሁ ሊምል ጀምሮ ሳቅ አመለጠው። ሰው እየሳቀ ከማለ ዋሽቷል ማለት ነው። የሽማግሌዎቹ አለቃ አባባ ጦና ተዳፋቱን ለጩማ ፈረዱለት፤ ፈረዱበት ማለት ይሻላል።

ከዚያ ወዲህ ባዳቾ ጠዋት ጠዋት አጥሩ ጥግ ይቆማል።

«ጩማ! ነጩ ማሳህ እንዴት አደረ? ደረሰልህ ወይ?»

«ምላስህ ላይ ይድረስ!»

እንደምን አደርክ መባባላቸው ይኸው ነበር።

አንድ በጋ ከአዲስ አበባ አንድ ላንድሮቨር መጣ። የመጣበት ገብረአማኑኤል የሚባል የአፈር አጥኚ ነው፤ ባለ መነጽር፣ ድንጋይ ባየ ቁጥር በመዶሻ ካልመታሁት የሚል ወጣት። አገሪቱ ጠርሙሱን፣ ሲሚንቶውን፣ ሲኒና ሳህኑን ራሷ ትሥራ ብትባል ጥሬ ዕቃው ከየት ይገኛል የሚለውን ሊያጠና ነው የተላከው። ገበያ መሀል ቆሞ፣ «ለሲኒና ለሳህን የሚሆን አፈር መሬቴ ላይ አለ የሚል ናሙና ያምጣልኝ» ብሎ አስነገረ።

ባዳቾ ይህን ሰምቶ እንደ ወላይታ ገበሬ አሰበ። በእኛ ዘንድ የአፈር ማዕረግ የሚለካው በበላው እበት ነው። ከቤቱ ጀርባ ያለው ጓሮ፣ ሚስቱ ቦሼ ከሙሽርነቷ ጀምሮ በየማለዳው እበት በቅርጫት እየተሸከመች ያጠገበችው፣ ጠቁሮ እንደ ቅቤ የሚለሰልስ አፈር ነበር። እንሰቱ የቤተ ክርስቲያን ዓምድ ያህላል። ባዳቾ ዶማውን ይዞ ወደዚያ ገባና ሥሩን እየፋቀ በጆንያ ይሞላ ጀመር።

«አንተ ሰውዬ፣ ጓሮዬን ወዴት ልትወስደው ነው?» አለችው ቦሼ።

«ለመንግሥት።»

«መንግሥት እንሰት ሊተክል ነው?»

«ሲኒ ሊሠራ ነው።»

«በእበት?»

«ዝም በይ! እንሰት የጠላውን አፈር ሲኒ ይወደዋል?»

አህያው ተጫነ። ባዳቾ ሊሄድ ሲል ግን ያለ ተንኮል መንገድ መጀመር አልሆንልህ አለው፤ ተመለሰና ከነጩ ተዳፋት አንድ ጓል ፈንቅሎ በእንሰት ቅጠል ጠቀለለ። ሶዶ ሲደርስም በሕዝብ ፊት ለአጥኚው አስረከበ። «ይህ ጥቁሩ የኔ ነው ጌታዬ። ይህ ደግሞ የጎረቤቴ የጩማ የዘንድሮ ምርት ነው፤ አደራ እንዳያልቅበት!» ገበያው በሳቅ ፈረሰ። ጩማ ከኋላ ቆሞ ጥርሱን ሲያፋጭ ወፍጮ ቤቱ ሥራ የጀመረ መስሎት እህሉን ይዞ የተነሣ ሰው ነበር።

ገብረአማኑኤል በኪራይ ግቢው የሁሉንም አፈር ፈጨ፣ በወንፊት ነፋ፣ በውሃ አጠለለ፤ ትናንሽ ጡብ እየሠራ በጥላ አደረቀ። ከሁምቦ በኩል ለጠርሙስ ብለው ያመጡለትን አሸዋ ቆሻሻው በዛ ብሎ ተወው። ለሲሚንቶ የሚሆን የኖራ ድንጋይ እስካሁን አላገኘሁም አለ። ጡቦቹን ግን ምድጃ ውስጥ ደርድሮ እሳት ለቀቀባቸው።

የባዳቾ ጡብ ከማንም ቀድሞ ጨሰ። ሽታው አውቶቡስ መናኸሪያው ድረስ ሄዶ፣ ተሳፋሪዎች «በሬ አሳፍረሃል!» ብለው ከሹፌሩ ጋር ተጣሉ። ምድጃው ሲከፈት ከጥቁሩ ጡብ የተረፈው አንድ እፍኝ ፍርፋሪ ነው። ነጩ ግን እንደ ወተት ጥርስ ነጥቶ ወጣ። ገብረአማኑኤል በጥፍሩ ቢመታው ቅጭል አለ።

«ይህ የማን ነው?»

ባዳቾ አፉን ከፈተ። ጩማ ቀደመው።

«የኔ ነው ጌታዬ። ምስክሬም ባዳቾ ነው፤ ምሎልኛል!»

አጥኚው ደስታው ፊቱ ላይ ሞልቶ አስረዳ። «ካኦሊን ይባላል። ሲኒ የሚሠራው ከዚህ ነው። በብዛት ከተገኘ ፋብሪካ ሊቆም ይችላል። መጀመሪያ ግን ጥልቀቱ መለካት አለበት፤ ከክረምት በኋላ እመለሳለሁ።» ባዳቾ ግን «ፋብሪካ» የሚለውን እንደሰማ ሄዷል። የቀረውን የሰማው አህያው ነው።

በማግስቱ ባዳቾ አባባ ጦና ደጅ ተገኘ።

«አባባ፣ ያንን መሐላ ልመልስ።»

«መሐላ የተዋስከው ማሰሮ ነው እንዴ የምትመልሰው?» አሉት።

«መሬቱ የኔ ነው! የአባቴ ነው! ያኔ ሲያስለኝ ነበር፣ የምለውን አላውቅም!»

ጩማ ተጠራ። ሁሉም ድብድብ ሲጠብቅ እሱ ረጋ ብሎ፣ «ይውሰደው» አለ። «በምትኩ ጥቁሩን ጓሮ፣ ከነእንሰቱ ይስጠኝ።»

ቦሼ ከሴቶቹ መካከል ተነሣች። «አባባ ጦና፣ ያንን ጓሮ ያበላሁት እኔ ነኝ፤ አንገቴ ይመስክር! እንሰቱ ከሄደ ልጆቼ በክፉ ቀን ምን ይበላሉ? ሲኒ ይቆረጥሙ?»

«የፋብሪካ ባለቤት ልጆች ክፉ ቀን የለባቸውም!» አለ ባዳቾ።

«ባዳቾ፣ አጥኚው መጥቶ ይለካ፤ እስከዚያ ታገሥ» አሉት ሽማግሌው።

«እስከዚያ ጩማ ሀብታም ሊሆንብኝ? ሞቼ ነው!»

ልውውጡ ተደረገ። የወሰኑ አጥር ተነቅሎ ተተከለ። ጩማ ያን ቀን ማታ የባዳቾን እንሰት ሥር ቀቅሎ በላ፤ ሽታው ወደ ባዳቾ ቤት እንዲሄድም በሩን ከፍቶ ነው የበላው አሉ።

ክረምቱን ሙሉ ባዳቾ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ በነጩ ተዳፋት ላይ እየተንሸራተተ ዋለ። ፋብሪካው ገና መሠረቱ ሳይጣል፣ ሠራተኛውን ማባረር ጀመረ። «አንተ እንዳትመጣ! የአንተም ልጅ እንዳይመጣ! ያች አክስትህማ በበሩም አታልፍ!» መስከረም ሲጠባ መንደሩ ተጠቃሎ ከሥራ ተባርሮ ነበር።

ገብረአማኑኤል በቃሉ ተመለሰ። በብረት መሰርሰሪያ እዚህም እዚያም ወጋ። ነጩ አፈር የጉልበት ያህል ይወርድና ከሥሩ ቀይ ድንጋይ ይገጥማል። በሌላኛው ጥግ ወጋ፤ ያው ነው። ላቡን ጠረገ።

«አፈሩ ግሩም ነው ባዳቾ። ግን ለፋብሪካ አይበቃም። ስስ ነው።»

«ጠለቅ አድርግ! እታች ተደብቋል!»

«ድንጋይ ነው።»

«ጩማ ነው የላከህ! ስንት ቆጮ አበላህ?» ብሎ ባዳቾ መሰርሰሪያውን ነጠቀውና ራሱ ወደ ታች ሲገፋ፣ ብረቱ ከድንጋዩ ላይ ነጥሮ ጭቃው ውስጥ በአፍጢሙ ደፋው። ቀና ሲል አፉ በነጭ አፈር ሞልቷል። ከአጥሩ ባሻገር ጩማ ነገሩን በጽሞና ተመለከተና፣ «መሐላው ደረሰ» አለ።

አጥኚው አዝኖ ያችን ነጭ ጡብ ለባዳቾ በስጦታ ትቶለት ሄደ። ቦሼ ተቀብላ በር እንዳይዘጋ ደገፈችበት። በማግስቱ ማለዳ ደግሞ እበት የሞላ ቅርጫት አንሥታ በባሏ ራስ ላይ ጫነች።

«ይህ የሴት ሥራ ነው!» ብሎ አንባረቀ።

«መሬት መለወጥ የወንድ ሥራ ከሆነ፣ የለወጥከውን አንተ አብላው» አለችው። ባዳቾ ቅርጫቱን ሊያወርድ ዞር ሲል ልጆቹ በባዶ ሳህን ዙሪያ ተቀምጠው እያዩት ነበር። ሄደ።

ጩማ አጥሩ ጋ ይጠብቀዋል።

«ባዳቾ! ነጩ ማሳህ እንዴት አደረ?»

ይህ እያንዳንዱ ማለዳ የሚሰማው ነገር ሆነ። ከዓመታት በኋላ ነጩ ተዳፋት ዳር ዳሩ ትንሽ ጠቁሮ አንድ የከሳ እንሰት ብቅ ባለበት ሰሞን፣ ከሶዶ በኩል ሌላ ላንድሮቨር አቧራውን እያስነሣ መጣ። ባዳቾ ከነቅርጫቱ ሮጦ መንገዱ መሀል ተገተረ።

«አፈር ለማጥናት ከሆነ እኔ ጋ ምንም የለም! ሀብቱ ያለው እዚያ ነው፣ ጩማ ጓሮ ውስጥ!»

ሹፌሩ አንገቱን አወጣ። «እኛ የወባ ነን፤ ቤት ልንረጭ ነው የመጣነው።»

«ግድ የለም፣» አለ ባዳቾ፣ «እግረ መንገዳችሁን ቆፍሩለት። ከእንሰቱ ጀምሩ።»