እጅሽን አጣምሪ

የበርበሬ ስጥ ሽታ አፍንጫዬን በሰነፈጠኝ ቁጥር፣ ቡታጅራ የተማርኩበት አንደኛ ክፍል ከነማስነጠሳችን ፊቴ ላይ ይደቀናል፤ ንዴቴም አብሮ ይመጣል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ በሉኝ፣ ግድ የለኝም።

ዘመኑ የጃንሆይ ነበር። መስከረም ላይ እኔና ታናሽ እህቴ ሙኒራ አብረን ተመዘገብን። እኔ ከአባቴ ሱቅ ደጃፍ እየዋልኩ የገበያ አማርኛ ለቃቅሜ ነበር፤ እሷ ግን ከእናታችን ጋር እንሰት ስትፍቅ አድጋ፣ ከጉራጊኛ በቀር አታውቅም ነበር። አስተማሪያችን እትዬ ዘነበች ከጎጃም የመጡ ሳቂታ ሴት ነበሩ፤ ሌሎቹ በአለንጋ የሚያስተምሩትን እሳቸው በዜማና በምልክት ያስተምሩን ነበር። «ውሃ ቀዳሁ» ብለው እንስራ እንዳዘለ ሰው ይጎብጣሉ፣ «እሳት አነደድኩ» ብለው እፍ ይላሉ፣ «በሩን ከፈትኩ» ብለው አየሩን ይስባሉ፤ እኛም እየጎበጥን፣ እፍ እያልን፣ እየሳብን እንከተላቸው ነበር። ጥቅምት ሲጋመስ ሙኒራ እቤት መጥታ ለእናታችን ሙሉ ዓረፍተ ነገር ትዘፍንላት ጀመር።

ኅዳር ላይ፣ ከትምህርት ቤቱ ጎን ያለው ሜዳ በርበሬ ተሰጥቶበት ቀልቶ ሳለ፣ ኮት የለበሱ ተቆጣጣሪ መጡ። ጣታቸውን ወደ ሙኒራ ቀስረው፣ «እናትሽ ጠዋት ምን ትሠራለች?» አሏት። ሙኒራ ደስ ብሏት ተነሣች፣ ጎበጥ አለችና፣ «ውሃ...» ብላ ዜማውን ጀመረች።

«እጅሽን አጣምሪ! ቀጥ ብለሽ ቁሚ! ትምህርት ቤት ነው ዘፈን ቤት?»

በእኛ ቤት ትልቅ ሰው ሲያዝዝ እሺ ነው። እጇን አጣመረች፣ ቃሉም አብሮ ታሰረ። 

እትዬ ዘነበች፣ «ጌታዬ፣ እጇን ይልቀቁላት እንጂ ታውቀዋለች» ብለው ለመኑ።

«አማርኛ በአፍ ነው የሚነገረው፣ እመቤት። ይቺ ወደ ቤቷ ትሂድና፣ ለከርሞ ቋንቋውን ለምዳ ትምጣ።»

ለምዳ ትምጣ! ከየት ትልመደው? ከእንሰቱ? ትምህርት ቤቱስ ለምን ተከፈተ? እኔ መልሱን እያወቅሁ፣ እጄን አጣምሬ፣ ጭጭ አልኩ፤ ይህም እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

በማግስቱ አባቴ ኮፍያውን አስተካክሎ ወደ ዳይሬክተሩ ሄደ፣ «ወላሂ፣ እቤት ስታወራ ብትሰሟት!» እያለ ለመነ፤ «ትእዛዝ ነው» ብለው መለሱት። በጋው ሳይወጣ እትዬ ዘነበችም ወደ ሌላ አገር ተዛወሩ። ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ፣ ሙኒራን፣ «ነይ እንሂድ» ብላት ወደ እንሰቱ ጓሮ ገብታ ተደበቀች፤ አባቴም ሊያስገድዳት አልጨከነም።

ዛሬ ከተማችን ያለው መዋዕለ ሕፃናት ሁሉ እንግሊዝኛን በዘፈንና በእጅ ምልክት ያስተምራል፣ ወላጅም ቆሞ ያጨበጭባል። ደግ አደረጉ፣ ልጆቹ ይደሰቱ። ሙኒራ የልጅ ልጇን በየጠዋቱ እጇን ይዛ ታደርሳታለች። የወላጆች በዓል ሲሆን፣ «ግቢ እንጂ» ስላት፣ «አንተ ግባ፣ እኔ እዚሁ እጠብቃችኋለሁ» ትለኛለች። አርባ ዓመት በርበሬ ስትነግድ የተማረችው አማርኛ ከእኔ ይልቅ ይጣፍጣል። ከዚያ ወዲህ ግን ከትምህርት ቤት በር አልፋ አታውቅም።